ሞርጌጅ ሲታደስ ባንክ መቀየርና «ስትረስ ቴስት»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቶሮንቶ ነው። ቤታችንን በ2021 ሃያ በመቶ ቅድሚያ ከፍለን ገዛን። የአምስት ዓመቱ ውል ሴፕቴምበር 2026 ያልቃል፤ 420,000 ዶላርና 20 ዓመት ይቀረናል። ሌላ ባንክ በ4.4 በመቶ እወስዳችኋለሁ ብሏል። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚሠራው። ስትረስ ቴስቱን እንወድቃለን ብለን ፈርተናል። የ18,000 ዶላር ላይን ኦፍ ክሬዲታችንንም (በፈለግን ጊዜ የምንወስድበትን የባንክ ብድር) አብሮ ማስገባት ይቻላል?

መልስ፦ 18,000ዋን ሞርጌጁ ውስጥ ካላስገባችኋት ስትረስ ቴስቱ፣ ማለትም ወለዱ ቢጨምር ክፍያውን መቻላችሁን የሚለካው ፈተና፣ አይመለከታችሁም። የባንኮች ተቆጣጣሪው ኦስፊ ከኖቬምበር 21 ቀን 2024 ጀምሮ እንደ እናንተው ሃያ በመቶ ቅድሚያ ተከፍሎበት የብድር ኢንሹራንስ የሌለው ሞርጌጅ ባንክ ሲቀይር ፈተናውን አንስቶታል። የዕዳው መጠን መጨመር፣ የቀረው ዘመንም መርዘም የለበትም፤ ሁለቱም አበዳሪዎች በፌደራል ሕግ የሚተዳደሩ መሆን አለባቸው። በፕሮቪንስ ሕግ የሚተዳደር ክሬዲት ዩኒየን ከዚህ ውጭ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ4.4 በመቶ ወርሃዊ ክፍያችሁ 2,625 ዶላር ገደማ ነው። ፈተናው ግን ሁለት ነጥብ ጨምሮ በ6.4 በመቶ ስለሚያሰላ 3,086 ያህል መክፈል ትችላላችሁ ወይ ይላል። 18,000ዋን ከጨመራችሁ ፋይሉ ሪፋይናንስ (እንደ አዲስ ብድር) ይሆናል፤ የሚፈተነውም ጭማሪው ብቻ ሳይሆን 438,000ው በሙሉ ነው። ባለችበት ተዉአት። ቤቱን ያስያዛችሁባት ከሆነ ግን ቀድማ ተከፍላ መዘጋት አለባት፤ አለዚያ የአሁኑ ባንክ ቤቱን አይለቅም።

ፈተናው ቀረ ማለት ግን አዲሱ ባንክ ገቢ አያይም ማለት አይደለም። ከባለቤትዎ የሁለት ዓመት ቲ1 ጀነራል (የታክስ ማስታወቂያ ቅጽ) እና ኖቲስ ኦፍ አሰስመንት (የታክስ መሥሪያ ቤቱ የሚልከው የውሳኔ ደብዳቤ) ይጠየቃል። ነዳጁን፣ ጥገናውንና የመኪናውን እርጅና ሁሉ አስቀንሶ ታክስ ያቀለለ ሹፌር ችግሩ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው፦ ባንኩ በቅድሚያ የሚያየው የተጣራውን ገቢ ነው። ያልተከፈለ ታክስ ካለም ቀድማችሁ ጨርሱት። የአሁኑ ባንካችሁ ለማደስ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ስለዚህ የሌላውን 4.4 አሳይታችሁ መጀመሪያ እሱን ተደራደሩት።

ከዚያ የቤቱን የምዝገባ ወረቀት አውጡና ባንኩ ቤቱን በመያዣነት ያስመዘገበበት መንገድ «ስታንዳርድ ቻርጅ» ይላል ወይስ «ኮላተራል ቻርጅ» የሚለውን እዩ። የተመዘገበው ገንዘብ ከተበደራችሁት በላይ ከሆነ ኮላተራል ሳይሆን አይቀርም። ስታንዳርዱ በቀላሉ ይዛወራል፣ ወጪውንም ብዙ ጊዜ አዲሱ ባንክ ይሸፍናል። ኮላተራሉን ግን ብዙ ባንኮች አስሰርዘው እንደገና ያስመዘግባሉ፤ የጠበቃና የስረዛ ክፍያ አለው። ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ተቀበሉ።

ባንካችሁ የእድሳት ደብዳቤ የመላክ ግዴታው 21 ቀን ሲቀር ነው። ያንን ከጠበቃችሁ ጊዜ አይበቃችሁም፤ አራት ወር ሲቀር ጀምሩ። በስልካችሁ የሚመጣውን «አድስ» የሚል ቁልፍ አትጫኑ፤ መጫን መፈረም ነው። ገንዘቡ የሚዛወርበት ቀንም ውሉ የሚያልቅበት ቀን ይሁን። ቀደም ካለ በቋሚ ወለድ ላይ ቅጣት አለ፦ የሦስት ወር ወለድ ወይም የወለድ ልዩነቱ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ከዘገየ ደግሞ ባንኩ በራሱ ውድ ወለድ ሊያድስባችሁ ይችላል።

በባንኩ በኩል የገባችሁት የሕይወት ኢንሹራንስ ካለ አብሮ አይዛወርም። በተለይ የጤና ችግር ያለበት ሰው ካለ፣ ሌላ ኢንሹራንስ ሳይጸድቅ ባንክ አትቀይሩ።