የሰው ጥፋት ከመጻፋችሁ በፊት

ውድ ወጣት ጸሐፊዎች፣

ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነበር፤ ያረጀሁትም እዚያው ነው። ብዙዎቻችሁ «ስም ለማትረፍ ምን ላድርግ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ስም ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ጀርመናዊው ደራሲ ጉንተር ግራስ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልንገራችሁ።

ግራስ በ1927 ዳንዚግ ተወለደ፤ የዛሬዋ የፖላንድ ግዳንስክ ናት። በ1959 «የቆርቆሮው ከበሮ» ወጣ። ከሦስት ዓመቱ በላይ አላድግም ያለ ልጅ፣ ከበሮውን እየደለቀ የናዚን ዘመን ያሳየናል። ግራስን ዓለም ያወቀው በዚህ ልብወለድ ነው። ከዚያ በኋላ የአገሩ ሰዎች ያለፈውን እንዳይሸፋፍኑ ሲወተውት ኖረ። በ1985 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገንና የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኮል በጀርመኗ ከተማ በቢትቡርግ ያለውን የወታደሮች መካነ መቃብር ጎበኙ። እዚያ የዋፈን ኤስኤስ፣ ማለትም ኤስኤስ የተባለው የናዚ ድርጅት የጦር ክንፍ፣ ወታደሮችም ተቀብረዋል። ኤስኤስን፣ ከጦርነቱ በኋላ የናዚ መሪዎችን የዳኘው የኑረምበርግ ችሎት ወንጀለኛ ድርጅት ብሎታል። ጉብኝቱን አምርረው ከተቃወሙት አንዱ ግራስ ነበር። በ1999 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ተሸለመ።

በ2006፣ በ78 ዓመቱ፣ የሕይወት ታሪኩን ሊያሳትም ሲል ራሱ በ17 ዓመቱ ዋፈን ኤስኤስ ውስጥ እንደነበር ተናገረ። ጀርመን ታመሰች። የቀድሞው የፖላንድ ፕሬዚዳንት ሌክ ዋሌሳ የግዳንስክ የክብር ዜግነቱን ይመልስ አለ፤ ግራስ ለከተማዋ ደብዳቤ ከጻፈ በኋላ ግን ሐሳቡን ቀየረ። ኖቤሉን ይቀሙት ያሉም ነበሩ።

እኔ በ17 ዓመቱ ልጅ ላይ አልፈርድም። ከልጅነቱ ጀምሮ የናዚ ስብከት ሲጋት ያደገ ነው፤ ጦርነቱም ሊያልቅ ወራት ቀርተውት ነበር። የሚያመኝ ቢትቡርግ ነው። ያኔ ግራስ 57 ዓመቱ ነው፤ የተከበረ፣ የሚደመጥ ሰው ነው። ያን ቀን ተነስቶ «እዚህ ከተቀበሩት አንዱ እኔ ልሆን እችል ነበር» ቢል ኖሮስ? ተቃውሞው የሚዳከም አይመስለኝም። እንደሱ ሊናገር የሚችል ሰው ስንት ነበር?

እናንተም ዛሬ ፌስቡክም ላይ ይሁን መጽሔት ላይ የሰው ጥፋት ትጽፋላችሁ። ጻፉ፤ ያስፈልጋል። ግን በጉዳዩ የእናንተ እጅ ካለበት መጀመሪያ እሱን ተናገሩ። ስማችሁ ገና ትንሽ ሳለ መናገር ይቀላል። ከታወቃችሁ በኋላ የምታጡት ይበዛል፤ አፍም እያደር ይከብዳል።

ይህን ሰምታችሁ የግራስን መጻሕፍት እንዳትጥሉ ደግሞ አደራ። ጭፍን ተከታይነትን ከውስጥ ያየ ሰው ነው የጻፋቸው። በእንግሊዝኛ ይገኛሉ። መጀመሪያ ልብወለዱን፣ ከዚያ የሕይወት ታሪኩን አንብቡ። በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ስለ ወጣትነቱ ሲተርክ አንዴ «እኔ» ይላል፣ አንዴ ደግሞ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ «እሱ» ይላል። እርሳስ ይዛችሁ «እሱ» ያለባቸውን ቦታዎች አስምሩባቸው።