የተኛው መስመር

ልጆቼ፣ የምጽፈው ለ12ኛ ክፍል ፈተና ለምትዘጋጁ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ነው። እኔ ፊዚክስ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ፎርሙላውን ሁሉ በቃሉ የያዘ ልጅ ግራፍ ሲመጣበት እጁ ሲታሰር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለምና። እኛ መምህራን ሰሌዳ ላይ ሥለን "ይሄኛው ለዚህ፣ ያኛው ለዚያ ነው፣ ያዙት" እያልን ቅርጹን አሸምድደናችኋል።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ተማሪዎቼን ውሃ አስፈልቼ ሙቀቱን በየደቂቃው አስመዘገብኳቸው። ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል፣ እሳቱ ይነዳል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። አብዛኞቹ ደብተራቸው ላይ 100 ብለው ጻፉ። መጽሐፉ የሚለው 100 ነዋ! አንዲት ልጅ ብቻ ያየችውን 92 ጽፋ "ቲቸር፣ ተበላሽቷል መሰለኝ" አለችኝ።

አልተበላሸም ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ ቀድሞ ይፈላል። 100 ዲግሪ የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። የመዘገቡት በግራፍ ሲሣል መስመሩ እዚያ ላይ የተኛውም፣ ማለትም አግድም የሆነው፣ ሙቀት መግባቱን ስላቆመ አይደለም። የሚገባው ኃይል ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ስለሚውል ነው።

ስለዚህ የተኛ መስመር ስታዩ "እዚህ ምንም የለም" ብላችሁ አትለፉት። መጀመሪያ ኤክስና ዋይ አክሲስ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዩኒቱንም እዩ። ግራፉ ፖዚሽን (ዕቃው ያለበት ቦታ) በጊዜ ከሆነ የተኛው መስመር ዕቃው ቆሟል ይላል። ቬሎሲቲ (ፍጥነቱ ከነአቅጣጫው) በጊዜ ከሆነ ግን እየሄደ ነው፣ ያውም ፍጥነቱ ሳይለወጥ። መስመሩ ያው ነው፤ ታሪኩ ሌላ።

አንድ ሚኒባስ ከቆመበት ተነሥቶ በ6 ሰከንድ ውስጥ 12 ሜትር በሰከንድ ደረሰ እንበል። በዚያው ፍጥነት 10 ሰከንድ ሄደ። ከዚያ "ወራጅ አለ!" ተባለና በ4 ሰከንድ ቆመ። የቬሎሲቲውን ግራፍ ራሳችሁ ሣሉት። የመጀመሪያው ስሎፕ (የመስመሩ ተዳፋት) 2 ነው፣ አክስለሬሽኑ፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን ማለት ነው። የመጨረሻው ደግሞ ኔጌቲቭ 3። ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት 36፣ 120 እና 24 ነው፤ ሲደመር 180 ሜትር መንገድ። መስመሩ ወደ ታች ሲወርድ ሚኒባሱ ወደ ኋላ የሚመለስ እንዳይመስላችሁ። ፍጥነቱ ቀነሰ እንጂ አሁንም ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ወደ ኋላ የሚሄደው መስመሩ ከዜሮ በታች ሲሆን ብቻ ነው። እዚህች ጋ የሚሳሳተው ልጅ ብዛቱ!

ባዮሎጂም እንዲሁ ነው። የሰውነታችን ኢንዛይም (በሰውነት ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) የሥራ ፍጥነቱ በሙቀት ሲሣል ግራፉ 37 ዲግሪ አካባቢ ጫፍ ደርሶ ቁልቁል የሚወርደው ሙቀቱ የኢንዛይሙን ቅርጽ ስለሚያበላሸው ነው። ምክንያቱን ካወቃችሁ ቅርጹን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

ዎርክሺት ስትሠሩ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኗቸው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ግራፉን በአማርኛ ለጓደኛችሁ አውሩት፦ ምን ጨመረ፣ የት ላይ ቆመ፣ ለምን ወረደ። ጓደኛ ከሌለ ለራሳችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ። ወሬው ሲያልቅ ወረቀቱን አንሡት።