ጠይቁን፦ በ43 ዓመቱ ዋንጫ ያነሳው ሰውዬ እና የደብልስ ነገር

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። እኔ ዱባይ ነው የምሰራው፣ የካቲት ላይ አሰሪዎቼ ትኬት ተርፏቸው ቴኒስ ይዘውኝ ሄዱ፣ በህይወቴ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ወንዶች ሁለት ለሁለት ሆነው ሲጫወቱ ነበር። 40 እኩል ሲሆኑ ሁለት ነጥብ በተከታታይ ማግኘት አለባቸው ሲባል ሰምቼ ነበር፣ እነሱ ግን አንድ ነጥብ ብቻ ተጫውተው ጌሙ አለቀ። ከዛ አንድ አንድ ዙር አሸንፈው እኩል ሲሆኑ ሶስተኛውን በደንብ ሳይጫወቱት እስከ 10 ቆጥረው ተጨባብጠው ወጡ። ዳኛው ስቶ ነው ወይስ መሽቶባቸው ነው? (እህታችሁ ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዳኛውም አልሳተም፣ አልመሸባቸውምም። ያየሽው ትክክለኛው ህግ ነው። የወንዶቹ ፕሮፌሽናል ውድድር (ኤቲፒ የሚባለው፣ የዱባዩም እሱ ውስጥ ነው) ከ2006 ጀምሮ ደብልስን (ሁለት ለሁለት የሚጫወቱትን) አሳጥሮታል። 40 እኩል (ጌሙ ላይ ሶስት ሶስት ነጥብ አግኝተው) ከሆኑ አንድ ነጥብ ትወስነዋለች፣ ሰርቩ (ጨዋታውን የሚያስጀምረው ምት) ከየትኛው ጎን እንደሚመታ የሚመርጡት ደግሞ ተቀባዮቹ ናቸው፣ ማለት ከሁለቱ ጎበዝ መላሹ ላይ እንዲመጣ ማድረግ ይችላሉ። አንድ አንድ ዙር ካሸነፉ ደግሞ ሶስተኛው ዙር ቀርቶ እስከ 10 ነጥብ የሚቆጠር ታይብሬክ (እኩል ሲሆኑ አሸናፊውን የሚለይ አጭር ጨዋታ) ይጫወታሉ፣ በሁለት ነጥብ መብለጥ ግን ግዴታ ነው። (ዙር የምለው በእንግሊዝኛ ሴት የሚባለውን ነው፣ በኛ ፊደል ሲፃፍ ስለሚያምታታ።) ያሳጠሩት ጨዋታው መቼ እንደሚያልቅ እንዲታወቅና ሲንግልስ (ለብቻ) የሚጫወቱትም ሳይደክማቸው እንዲገቡበት ብለው ነው። አራቱ ግራንድ ስላሞች (የቴኒስ ትልልቆቹ ውድድሮች) ላይ ግን ሶስተኛውም ዙር ሙሉ ነው፣ 6 ጌም እኩል ከሆኑ ብቻ ነው እስከ 10 የሚሄዱት። ከአራቱ አንዱ ዊምብልደን እንደውም እስከ 2022 ወንዶቹን ደብልስም እስከ 5 ዙር ያጫውታቸው ነበር። እኔ በግሌ ያቺን አንዷን ነጥብ እወዳታለሁ፣ ልብ ታንጠለጥላለች። ሶስተኛው ዙር መቆረጡ ግን ያሳዝነኛል፣ ሁለት ጥንዶች ገና መላመድ ሲጀምሩ ነው የሚያልቀው።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ «ደብልስ ሲንግልስ ያቃታቸው ሽማግሌዎች የሚጫወቱት ነው፣ 43 ዓመት ሆኖት ዋንጫ የሚበላበት ስፖርት ስፖርት ነው እንዴ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከሲንግልስ ይልቅ እሱን ማየት ነው የምወደው። ምን ልበለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ታላቅህ የሚለው ሰውዬ ሮሃን ቦፓና ነው፣ ህንዳዊ ነው፣ እና ታሪኩን ቢሰማ እንደዛ የሚል አይመስለኝም። ጥር 2024 ሜልቦርን፣ አውስትራሊያን ኦፕን፣ ቦፓና ከአውስትራሊያዊው ማቲው ኤብደን ጋር ነበር። እዛ ውድድር ላይ 64 ጥንድ ነው የሚጀምረው፣ ዋንጫ ለማንሳት 6 ጊዜ ማሸነፍ አለብህ፣ አንዴ ከተሸነፍክ ወደቤት ነው። እነሱ ደግሞ ገና የመጀመሪያ ጨዋታቸው ላይ ሊወድቁ ነበር፣ ሶስተኛው ዙር 6 እኩል ሆኖ በታይብሬክ ነው የተረፉት፣ ግማሽ ፍጻሜው ላይም ከዣንግ ዢዠንና ከቶማሽ ማሃች ጋር እንደዛው። ፍጻሜው ላይ ጣሊያኖቹን ቦሌሊንና ቫቫሶሪን 7ለ6፣ 7ለ5 አሸነፉ፣ የመጀመሪያው ዙር ታይብሬክ 7ለ0 ነው ያለቀው፣ ጣሊያኖቹ አንድ ነጥብ አላገኙም! ባለሙያዎች ከአማተሮች ጋር በአንድ ላይ መወዳደር ከጀመሩበት ከ1968 ወዲህ የወንዶች ደብልስ ግራንድ ስላም በዛ እድሜ ያሸነፈ የለም፣ ከዚያው ውድድር በኋላ ደግሞ የዓለም 1ኛ ሆነ።

እዛ እስኪደርስ ያየውን ግን ስማ። 2010 ዩኤስ ኦፕን ላይ ከፓኪስታኑ አይሳም ቁሬሺ ጋር ፍጻሜ ደርሶ ነበር፣ ህንድና ፓኪስታን በአንድ ጎን ቆመው፣ የሁለቱ አገር የተባበሩት መንግስታት አምባሳደሮች አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው ያዩት ጨዋታ ነው፣ እሱን በሁለት ታይብሬክ ተሸነፉ። ከዛ 13 ዓመት ሙሉ የወንዶች ደብልስ ግራንድ ስላም ፍጻሜ አልደረሰም፣ 2023 እዛው ዩኤስ ኦፕን ላይ ከኤብደን ጋር ደርሶ በድጋሚ ተሸነፈ። መሃል ላይ አምስት ወር አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ቆይቶ ለሚስቱ ላቆም ነው ብሎ መልእክት እንደላከላት ከድሉ በኋላ ራሱ ተናግሯል፣ ጉልበቱ ላይ ያለው ልስልስ አጥንትም አልቆ በዮጋ ነው ራሱን ያቆመው። ይሄ ያቃተው ሰው ነው?

ደብልስ ላይ እድሜ ብዙ የማይጎዳበት ምክንያት ደግሞ አለ። ሲንግልስ ላይ 8 ሜትር ከ23 ሳንቲም ስፋት ለብቻህ ትሸፍናለህ፣ ደብልስ ላይ በየጎኑ 1 ሜትር ከ37 ይጨመርና 10 ሜትር ከ97 ለሁለት ይሆናል፣ ስለዚህ ሩጫው ይቀንሳል፣ የሚጨምረው እጅና አይን ነው። አራት ሰው ኔት (መሃል ያለው መረብ) ላይ ተፋጦ ኳሷ መሬት ሳትነካ ስትመላለስ የት እንደምትመጣ ከመመታቷ በፊት ማንበብ አለብህ፣ እሱ ደግሞ በዓመታት ነው የሚመጣው። ኤብደንም 36 ዓመቱ ነበር፣ እና በዚያው ዓመት ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ከጆን ፒርስ ጋር ወርቅ ወሰደ።

ወንድምህ ልክ የሆነበት አንድ ነገር ቢኖር ክብሩ ያነሰ መሆኑ ነው። ሜልቦርን 2024 የሲንግልስ አሸናፊው 3.15 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሲወስድ ቦፓናና ኤብደን 730 ሺህ ነው ያገኙት፣ እሱንም ለሁለት ተካፍለው። ይሄ ግን የጨዋታው ጥፋት አይደለም፣ እኔ ፍትሃዊ ነው ብዬም አላምንም። በል አሁን አንድ የደብልስ ጨዋታ አስቀምጠህ አሳየው፣ ኳሷን ትቶ ኔት ላይ የቆመውን ሰውዬ ብቻ ይይ በለው።

ጥያቄ፦ ኔት ላይ የቆመው ልጅ እጁን ከጀርባው አድርጎ ጣት የሚያሳየው ምንድነው? (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጎበዝ፣ አይተሻል! ከኋላው ሰርቭ ለሚመታው ጓደኛው ነው የሚናገረው፣ ተቀባዮቹ እንዳያዩበት። ሰርቩን የት ምታ፣ እኔ ደግሞ ኔቱን አቋርጬ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልቁም የሚለውን ነው። አንዱ ጣት ይቆጥራል፣ ሌላው ጭብጥና የተዘረጋ እጅ ይጠቀማል፣ ጥንዶቹ እንደተስማሙት ነው። አንዳንዴ መሃል መስመሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ታይዋለሽ፣ ያኔ ተቀባዩ ወደ ቀኝ ይነሳ ወደ ግራ አያውቅም፣ ኳሷን መመለሱ ሳያንሰው እሱንም መገመት አለበት። ሰርቩ በተባለው ቦታ ካልወደቀ ግን የቆመው ሰው ነው የሚጋለጠው። ጣት ትተው ኳስ አፋቸው ላይ አድርገው የሚያንሾካሹኩም አሉ፣ እሱ ከንፈራቸው እንዳይነበብ ነው።