መልስ፦ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ክስና ቅጣት የት ይገኛል? አለቃውንስ ማን ይጠይቀዋል?

ጋዜጣዊ መግለጫውን ተወውና ኩባንያው ለአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ (ኤስኢሲ) በየዓመቱ የሚያስገባውን 10-ኬ የተባለ ሪፖርት አንብብ። እዚያ ላይ ባለአክሲዮንን ማሳሳት ያስከስሳል።

1. የኤስኢሲን የመረጃ ቋት፣ ኤድጋርን ክፈት። ነፃ ነው፣ ምዝገባም አይጠይቅም። የኩባንያውን ስም ጽፈህ የቅርቡን 10-ኬ ምረጥ። ኩባንያው የአሜሪካ ካልሆነ 20-ኤፍ ፈልግ።

2. በ10-ኬ ውስጥ ክፍል 3 ስለ ክሶች ነው። ብዙ ጊዜ ግን "ማስታወሻውን ተመልከት" የሚል አንድ መስመር ብቻ ታገኛለህ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል። ዝርዝሩ ያለው ከሒሳብ መግለጫዎቹ በኋላ፣ ስለ ግዴታዎችና ሊመጡ ስለሚችሉ ዕዳዎች በሚያወራው ማስታወሻ ውስጥ ነው።

3. "አለቃውን ማን ይጠይቀዋል?" ላልከው፣ ዴፍ 14ኤ የሚባለውን የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ሰነድ አውጣና የድምፅ ድርሻ ሠንጠረዡን እይ። የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ብትወስድ፣ አንድ የምድብ ቢ አክሲዮን 10 ድምፅ አለው፤ የምድብ ኤ ግን 1 ብቻ። አለቃው ዙከርበርግ አብዛኛውን የምድብ ቢ አክሲዮን ስለያዘ አብላጫው ድምፅ የእሱ ነው፤ ሌሎቹ ቢተባበሩም አያሸንፉትም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ክፍል 1ኤ፣ ማለትም የስጋቶች ዝርዝር፣ "ሊደርስ ይችላል" በሚል ቃል የተሞላ ነው። ፌስቡክ (የዛሬው ሜታ) በ2019 እ.ኤ.አ. ለኤስኢሲ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው፣ የተጠቃሚዎች መረጃ አላግባብ መወሰዱን ከ2015 ጀምሮ እያወቀ በሪፖርቱ ገና ሊሆን እንደሚችል ስጋት አድርጎ አቅርቧል ተብሎ ተከሶ ነው። ስለዚህ የዘንድሮውንና ያለፈውን ዓመት ክፍል 1ኤ ጎን ለጎን አስቀምጠህ የተጨመረውን ወይም የተለወጠውን ዓረፍተ ነገር ፈልግ።