«ጠጋ በላት» አለኝ፦ አጭር ቀልድ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ሰላም ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላውም አንባቢ እንዲከታተለን ባጭሩ ልድገመው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የ4ኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነህ፤ ገና በመጀመሪያው መንፈቅ። ማታ ማታ ዶርም ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ የአሜሪካዊውን ኮሜዲያን የሚች ሄድበርግን ቀልዶች ትሰማለህ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሳቅ። ሌላ ዓረፍተ ነገር፣ ሳቅ። ወደ አማርኛ መልሰህ ለዶርም ልጆች ስትነግራቸው ግን ማንም አልሳቀም። አንዱማ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለህ። ዓይን አፋር ነህ። ቢሆንም ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልተህ፣ አዲስ አበባ ገብተህ ኮሜዲያን ለመሆን አስበሃል። ሞጣ ያሉት እናትህ ገና አልሰሙም። የጠየቅኸኝ ሁለት ነገር ነው፦ አጭር ቀልድ በአማርኛ ይሆናል ወይ? እንጀራስ ይወጣዋል ወይ?

ከዚያች «ከዚያስ?» ልጀምር።

ጓደኛህ ክፉ አይደለም። ጆሮው የለመደውን ጠብቆ ነው። የእኛ የመድረክ ቀልድ ያደገው በወግ ነው። ተስፋዬ ካሳን፣ ልመንህ ታደሰን፣ ዐለባቸው ተካን፣ ደረጀንና ሀብቴን፣ ክበበው ገዳን አስብ። ሰው ይመስላሉ፣ ድምፅ ይቀይራሉ፣ ታሪክ ይዘው ይሄዳሉ። ሰሚው መድረክ ላይ ቀልደኛ ሲያይ ታሪክ ይጠብቃል። አንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስትዘጋው «ቀጥል እንጂ» ይላል።

ከመድረክ ውጭ ግን አጭር ቀልድ የእኛው ነው። ያውም የጣና ዳር ልጅ ነው። ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ ስትወጣ ፎገራን ታገኛለህ፤ የአለቃ ገብረ ሐና አገር። አንዷን ቀልዳቸውን ሳትሰማት አትቀርም። እንደሚነገረው አለቃ መንገድ ላይ አህያ የምትነዳ ሴት ያገኛሉ። «እንደምን አደራችሁ?» ይሏታል።

በቃ። አለቀ።

አሁን ቀልዷ ምን ላይ እንዳለች ተመልከት። ሴትዮዋ አንድ ናት። «አደርሽ» ቢሏት ተራ ሰላምታ ነው። «አደሩ» ቢሏት አክብሮት ነው። «አደራችሁ» ሲሏት ግን አህያዋም ተቆጠረች። ሳቁ ያለው ግሡ ጭራ ላይ ነው።

ትርጉምህ ያልሠራው ለዚህ ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሩን በፈለገው ስም መዝጋት ይችላል። የሄድበርግ ዓይነት ቀልደኛ የሚያስቀውን ቃል መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ዝም ይላል። አንተ ያንኑ ወደ አማርኛ ስትመልሰው የሚያስቀው ቃል መሀል ላይ ወደቀ፤ ግሡ ዘግይቶ ደረሰ። ጓደኞችህ ሊስቁ ሲሉ አንተ ገና እያወራህ ነበር። አማርኛ የሚዘጋው በግሥ ነው። ማን እንዳደረገ፣ በማን ላይ እንዳደረገ፣ አንድ ይሁኑ ብዙ፣ ሁሉም ግሡ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ሰሚህን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ ልትይዘው ትችላለህ። ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ሄድበርግ አላገኘውም። ስለዚህ መተርጎሙን ዛሬውኑ ተው።

የራስህን የላክኸውን ቀልድ ደግሞ እንየው። እንዲህ ነበር የጻፍኸው (ፔዳ ሌላው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው)፦ «አንድ ቀን ከፔዳ ወደ ፖሊ በባጃጅ ስሄድ ሾፌሩ ትርፍ ሰው ለመጫን ፈልጎ አጠገቤ ወዳለችው ልጅ ጠጋ በላት ሲለኝ ጠጋ ብያት ከዚያ ተዋውቀን ተጋብተን አሁን ሁለት ልጅ ወልደናል፣ በጣም ይገርማል።»

ቀልዱ አለ፤ ተቀብሯል። «በጣም ይገርማል» ትውጣ፤ ሰው ሊስቅ ሲል አፉን ትዘጋበታለች። ሾፌሩ ለምን ጠጋ እንዳስባለህ አታስረዳ፤ ባሕር ዳር ባጃጅ ተሳፍሮ የማያውቅ የለም። መተዋወቁንና መጋባቱን ሰሚው ራሱ ይሙላው፤ ደስታው እሱ ነው። የቀረውን እየው፦

«የባጃጁ ሾፌር ‹ጠጋ በላት› አለኝ። ይኸው ሁለት ልጅ ወልደናል።»

ሠላሳ የሚሆኑ ቃላት ወደ ዘጠኝ ወረዱ። መድረክ ላይ ማሳቅ መቻልህን አላውቅም፤ ይህችን ቀልድ ግን አንድ ተማሪ በራሱ ቋንቋ እንዳሰባት አይቻለሁ፤ ተስፋም የሰጠኝ እሷ ናት።

አሁን ወደ እንጀራው። እዚህ ላይ አልሸነግልህም።

አጭር ቀልድ ከሁሉም የቀልድ ዓይነት በላይ ጽሑፍ ይበላል። እንግሊዛዊው ቲም ቫይን እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ ሰዓት ውስጥ 499 ቀልድ ተናግሮ በጊነስ መዝገብ ገብቶ ነበር። በየ7 ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። አንተ እንደሱ አትሩጥ። በደቂቃ 4 ብቻ በል። ለግማሽ ሰዓት ዝግጅት 120 ቀልድ ያስፈልግሃል። ወግ የሚያወራ ሰው ያንኑ ግማሽ ሰዓት በአምስት ታሪክ ይሞላዋል። ከምትጽፋቸው 10 አንዷ ትረፍልህ እንበል፤ 1,200 መጻፍ አለብህ። በቀን 3 ብትጽፍ 400 ቀን ነው። ጋውን እስክትለብስ ያለህ ጊዜ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

ዊዝድሮው አትሙላ የምልህ ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ባዶ ደብተር ይዘህ ብትሄድ የምትሸጠው የለህም፤ የቤት ኪራዩ ግን ከመጀመሪያው ወር ይጀምራል። ዶርምህ፣ ካፌው፣ ሌሊቱ ጸጥታ ያለበት ቤተ መጻሕፍት፣ ይህ ሁሉ ደብተርህን እስክትሞላ የሚያቆይህ ነው።

ሮድኒ ዴንጀርፊልድን ታውቀው ይሆናል። ከአሜሪካ የአጭር ቀልድ ሰዎች አንዱ ነው፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1921። ቀልድ መጻፍ የጀመረው በ15 ዓመቱ ነው። መድረኩ እንጀራ አልሆነው ሲል ተወና የቤት ግድግዳ የሚለበስ አሉሚኒየም ሲሸጥ ኖረ። ቤተሰብ አስተዳደረ። መጻፉን ግን አልተወም። ወደ አርባው ሲጠጋ ተመለሰ፤ በ1967 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀርቦ ታወቀ፤ በ1969 ኒው ዮርክ ውስጥ የራሱን ክለብ ከፈተ። አንተም ሃያ ዓመት ጠብቅ ማለቴ አይደለም። አሉሚኒየሙ ቀልዱን እንዳልገደለበት እንድታይ ነው። ሲቪል ምህንድስናም አይገድልብህም። እንዲያውም ሳይት ላይ የምትሰማው የግንበኞች ጨዋታ ደብተር ይሞላል።

አለቃ ገብረ ሐናንም የመገበው ቀልዳቸው አልነበረም፤ ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ሥርዓት፣ ከእሳቸው የመጣ ነው፤ ዝማሜውን፣ በመቋሚያ የሚደረገውን ውዝዋዜ፣ ከጣና ማዕበል እንደወሰዱት ይነገራል። ትምህርታቸው ነው ለቀልዳቸው ቃል የሰጠው።

ስለ ዓይን አፋርነትህ ብዙ አትጨነቅ። ሄድበርግ ራሱ መድረክ ይፈራ ነበር። ፀጉሩን ፊቱ ላይ ለቆ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ አንዳንዴም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚናገረው። ለአጭር ቀልድ ዝምታ ይስማማዋል። አንድ ነገር ግን ከልብ ልንገርህ። ሄድበርግ በ37 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በዕፅ ምክንያት ሞተ። ይህ ሙያ የሌሊት ሙያ ነው። መድረኩ ያለው መጠጥ ቤት ነው፤ ጫቱም ቅርብ ነው። ድፍረት ፍለጋ ወደዚያ እንዳትሄድ። ፈርተህ ተናገር፤ ፍርሃቱ በመቶኛው ቀልድ ይቀንሳል።

ገንዘቡ በመጀመሪያ ከቀልዱ ላይመጣ ይችላል። ከሰርግና ከምረቃ ዝግጅት መድረክ መሪነት ይመጣል። በዘጠኝ ቃል ሰው ማሳቅ የሚችል ሰው ደግሞ የሬዲዮ ማስታወቂያም መጻፍ ይችላል፤ ይህን መንገድ በደንብ አስበው። ቲክቶክ ላይ ስትለጥፍ ተጠንቀቅ። ምርጥ ቀልድህን ከለጠፍካት መድረክ ላይ ሁሉም ቀድሞ ሰምቷታል። ከ10 ሁለት ለጥፍ፣ ስምንት ያዝ።

ለልምምድ አዝማሪ ቤት ግባ። ለስላሳ ይዘህ ተቀመጥና ጆሮህን ብቻ ሥራ ስጠው። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው የትኛዋ ቃል ላይ እንደሚያዘገይ፣ መቼ ማሲንቆውን እንደሚያሳርፍ ልብ በል። ደብተርህንም ኪስህ ውስጥ የሚገባ አድርገው። ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና ልጠጣ ተቀምጬ አንድ ሰውዬ ቡና የምታፈላውን ልጅ «ቡናሽ ቀጠነ'ኮ» አላት። ቀና እንኳ አላለችም።

«ጾም ይዞ ነው» አለችው።

ዙሪያው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ መቅዳቷን ቀጠለች። እኔ ደብተር ስላልያዝኩ ረከቦቱ ላይ በወደቀ የስኳር ወረቀት ጀርባ ጻፍኩት።

ለእናትህ አሁን ንገራቸው። «ትምህርቴን አልተውም፣ ማታ ማታ ቀልድ እጽፋለሁ» በላቸው። የባጃጇን ቀልድም ንገራቸውና የት ላይ እንደሳቁ ጻፍልኝ። ሁለት ልጅ ወለድን ስትላቸው እንዳይደነግጡ ግን ቀልድ መሆኑን አስቀድመህ ንገራቸው። ለፋሲካ ደግሞ ከጻፍካቸው ውስጥ የተረፉትን 20 ላክልኝ፤ አንድ በአንድ እናያቸዋለን።