መልስ፦ መለያው ላይ ያለው «ኤንሸንት» ዕድሜ አይደለም

ከታርታን፣ ማለትም ከስኮትላንዱ ባለ ቀለም መስመር የሱፍ ጨርቅ፣ የተሠራ የአንገት ልብስ ገዝተህ መለያው «ኤንሸንት» (ጥንታዊ) ስለሚል ንድፉ ጥንታዊ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም። የገዛኸው የአንገት ልብስ መለያ ላይ «ኤንሸንት» ስለተባለ ንድፉ የመቶ ዓመታት ዕድሜ አለው ማለት አይደለም። ቃሉ ስለ ቀለሙ ነው። ድሮ በዕፅዋት የተነከረ እንዲመስል ፈዘዝ ተደርጓል ማለት ነው። «ሞደርን» (ዘመናዊ) የሚባለው ደግሞ ንድፉ ያው ሆኖ ቀለሙ ጠቆር ይላል።

«ታዲያ ንድፉ የሚጠራበት የስኮትላንድ ጎሳ ስም ከየት መጣ?» ላልከው፣ የዊልሰን ቤተሰብን ታሪክ እይ። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ስተርሊንግ አጠገብ ባኖክበርን በምትባል ቦታ፣ ከእ.ኤ.አ. 1760ዎቹ ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የሱፍ ሽመና ነበራቸው። የ1746ቱ ሕግ የስኮትላንድን ደጋ ሰው ልብስ ሲከለክል ወታደሩን አልነካም። ስለዚህ ለጦሩ ሸመኑ።

በ1819 ያዘጋጁት የንድፍ መዝገብ በጣም ደስ ይለኛል። የየቀለሙ ክር አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተጽፏል፤ ይህን ያህል ቀይ፣ ቀጥሎ ይህን ያህል አረንጓዴ። ከንድፎቹ አንዳንዶቹ የሚታወቁት በቁጥር ብቻ ነበር። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ግን የጎሳ ስም ያለው ንድፍ ፈላጊው በዛ፣ ትእዛዙም ጎረፈ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ከአንገት ልብስህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጨርቅ ስትፈልግ በስሙ ብቻ አትዘዝ። እኔ እንደዚያ አዝዤ የመጣልኝ አረንጓዴ ከነበረኝ ጋር ጭራሽ አልገጠመም። መጀመሪያ ቁራጭ ናሙና አስልክ፤ ከዚያ ደጅ አውጥተህ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን አስተያየው።