በክፍል የተፈቀደው ከክፍል ሲወጣ፦ የታሪክ መምህሩ ቪዲዮና የቅጂ መብት

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ዓድዋ ድልና ስለ 1928ቱ የጣሊያን ወረራ ሳስተምር ከኢንተርኔት ያወረድኳቸውን ፎቶግራፎች፣ ሥዕሎችና የፊልም ቅንጭቦች ከራሴ ማብራሪያና ከዘፈን ጋር አቀናብሬ በፕሮጀክተር አሳያለሁ። ትምህርት ቤቱ አሁን ቪዲዮዎቹን በቴሌግራምና በዩቲዩብ ለመልቀቅ፣ በፍላሽም እየገለበጠ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ለመሸጥ አስቧል። ባልደረቦቼ «ለትምህርት እስከሆነ ድረስ ሁሉም ነፃ ነው» ይላሉ። እውነት ነው? ቪዲዮውስ የማን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባልደረቦችዎ መነሻውን በትክክል ነግረውዎታል፤ ወሰኑን ግን አልነገሩዎትም። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 11 ታትሞ የወጣን ሥራ ወይም የድምፅ ሪከርዲንግን ለማስተማር ሲባል ማባዛትን ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል ይደነግጋል። ሆኖም የሚባዛው መጠን ትምህርቱ ከሚፈልገው በላይ እንዳይሆን፣ እንዲሁም በተቻለ መጠን ምንጩና የሥራው አመንጪ ስም እንዲጠቀስ ያዛል። ስለዚህ የአሥር ደቂቃ ቅንጭብ ለሚበቃው ክፍለ ጊዜ የሁለት ሰዓት ዘጋቢ ፊልም ሙሉውን መገልበጥ ከድንጋጌው መንፈስ ይወጣል።

እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። አንቀጽ 11 የሚነካው ከባለመብቱ የኢኮኖሚ መብቶች መካከል የማባዛትን መብት ብቻ ነው። ቅጂውን የማከፋፈል፣ የመሸጥና ለሕዝብ የማሠራጨት መብት ከባለቤቱ እጅ አልወጣም። በመሆኑም እርስዎ ቅንጭቡን ገልብጠው ለተማሪዎችዎ በክፍል ማሳየትዎ የሚያስጠይቅዎ አይመስለኝም፤ ያው ቅንጭብ ማንም ሊከፍተው በሚችል የቴሌግራም ቻናል ሲለቀቅ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በፍላሽ የመሸጡ ሐሳብ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ገቢው ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የሚውል እንኳ ቢሆን ሽያጩ ሽያጭ ነውና በአንቀጽ 11 መከላከል ይቻላል ብዬ አልመክርዎትም።

ደግነቱ፣ የታሪክ መምህር ከሌሎች መምህራን የተሻለ ዕድል አለው፤ የሚጠቀምበት ነገር ብዙውን ጊዜ የጥበቃ ዘመኑ ያለፈ ነውና። በአዋጁ መሠረት የፎቶግራፍ ሥራ የሚጠበቀው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ለዚያውም የስብስብ አካል ካልሆነ፣ በመጽሐፍ ካልወጣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ካልያዘ ከጅምሩም ጥበቃ አያገኝም። ስለዚህ በ1928 የተነሡትን ብቻ ሳይሆን በ1983 የተነሡትን ፎቶግራፎችም በሕጋችን ያለ ሥጋት ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ። (ፎቶግራፉ በእርግጥም የተባለው ዘመን መሆኑን የማጣራቱ ሥራ የእርስዎ ነው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ «የዓድዋ ዘማቾች» ተብሎ የሚዞር ምስል የማይጨው ዘመን እንዳይሆንብዎ።)

የኦዲዮቪዥዋል ሥራ ከተሠራበት ወይም ለሕዝብ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ 50 ዓመት ይጠበቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ያደረጉትን ንግግር የሚያሳየው የዜና ፊልም ይህን ዘመን ካለፈ ቆይቷል። በ1966ቱ አብዮት ወቅት ተቀርጸው ያኔውኑ ለሕዝብ የታዩ ፊልሞችም 50 ዓመታቸውን በ2016 ሞልተዋል። ነገር ግን አሮጌውን ፊልም ያገኙት ባለፉት ዓመታት ከተሠራ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ከሆነ፣ ተራኪው፣ ሙዚቃውና ቅንብሩ አዲስ ሥራ ስለሆኑ ጥበቃቸው ገና ነው። አሮጌውን ምስል ብቻ ለይተው ይጠቀሙ፤ የሚቻል ከሆነም ከመጀመሪያው ምንጭ ይፈልጉት።

ሥዕል ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሠዓሊው ካረፈ በኋላ ሥራው 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ሥዕሉ በአደባባይ ወይም በመንግሥት ሕንፃ መገኘቱ፣ ሠዓሊውም የአገር ኩራት መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት በ2004 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የመስታወት ሥዕላቸውን ለክፍል ማሳየት እንዳለ ሆኖ፣ በሚሸጥ ፍላሽ ውስጥ ለማስገባት ግን እስከ 2054 ዓ.ም. ድረስ የባለመብቶቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስማቸው ከማይታወቅ የጥንት ሠዓሊዎች የተገኙ የዓድዋ ሥዕሎች ላይ ይህ ችግር የለም።

ዘፈኑን ግን ያውጡት። ከቪዲዮዎ ውስጥ ፈጥኖ ጣጣ የሚያመጣው እርሱ ነው፤ በአንድ ዘፈን ላይ የግጥሙና የዜማው ደራሲ፣ ድምፃዊውና አሳታሚው የየራሳቸው መብት ሊኖራቸው ይችላል፣ ለማጀቢያነት መግባቱም ለማስተማር አስፈላጊ ነበር ብሎ ለማስረዳት ያዳግታል። ፉከራና ሽለላ ካስፈለገዎት የሕዝብ የሆነውን ተማሪዎችዎ ራሳቸው ቢያሰሙትና ቢቀርጹት የተሻለ ነው፤ የሌላ ሰው ቅጂ ሲሆን ግን ቃሉ የሕዝብ ቢሆንም ቅጂው የቀራጩና የከዋኙ ነው።

ስለ ዩቲዩብ አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን የተናገርኩት በኢትዮጵያ ሕግ ነው። ቪዲዮው ከአገር ውጭ በሚገኝ መድረክ ላይ ሲወጣ የሌሎች አገሮች ሕግና የመድረኩ የራሱ ደንብ ይከተሉታል። በጣሊያን ለምሳሌ የደራሲ መብት ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ የወራሪውን ጦር እየተከተለ የቀረጸው የሉቼ ተቋም ፊልሞች መዝገብ ቤትም ዛሬ ድረስ በባለቤትነት ይተዳደራል። ዩቲዩብ ምስልና ድምፅ በማሽን እየለየ ስለሚያግድ፣ በእኛ ሕግ ነፃ የሆነው ቅንጭብ እዚያ ሊታገድ ይችላል። ቢታገድ ወንጀል ሠሩ ማለት አይደለም፤ ባለመብቶች በሚያቀርቡት አቤቱታ የሚመጣ ተደጋጋሚ የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ግን ቻናሉን ሊያስዘጋ ይችላል።

ለሚቀሩት ሥራዎች ፈቃድ ይጠይቁ። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ «ለቴሌግራም፣ ለዩቲዩብና ለሽያጭ» ብሎ አጠቃቀሙን በየስሙ ይጥቀስ። በስልክ የተሰጠ እሺታ ነገ ባለመብቱ ቢክድ ማስረጃ አይሆንዎትም። ባለመብቱን ለማግኘት ከተቸገሩ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መጻፍ ይቻላል።

ቪዲዮው የማን ነው ላሉት፣ ሥራው የተሠራው በቅጥርዎ ሂደት ከሆነ በውል የተለየ ስምምነት እስከሌለ ድረስ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። ስለዚህ ሽያጩ ከመጀመሩ በፊት የሥራ ውልዎን ያንብቡ፤ ስለ ድርሻዎ የሚናገር ነገር ከሌለው አሁኑኑ ተጨማሪ ስምምነት ይጠይቁ። ስምዎ በቪዲዮው ላይ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብት ግን ኢኮኖሚያዊው መብት ለትምህርት ቤቱ ቢሆንም ከእርስዎ ጋር ይቆያል። በስምምነቱም ውስጥ ፈቃድ ላልተገኘለት ሥራ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ ባለመብት ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈለገው ድምፁ ከቪዲዮው የሚሰማው ሰው ነውና።